ቲቸር፣ ይሄ ጠመንጃ የማን ነው?

ጥያቄውን የጠየቀኝ ከኋላ የሚቀመጥ፣ በዓመት ሁለቴ ብቻ አፉን የሚከፍት ልጅ ነው። አንዴ ለመቅረት ሲያስፈቅድ፣ አንዴ ማርክ ሲጎድልበት። ባለፈው ቅዳሜ ሐረር፣ ጁገል ውስጥ ካሉት ሙዚየሞች በአንዱ፣ ግድግዳ ላይ የተሰቀለ አሮጌ ጠመንጃ ሥር ቆሞ ሲያንጋጥጥ ቆየና ዞር ብሎ «ቲቸር፣ ይሄ ጠመንጃ የማን ነው?» አለኝ።

አፌ ላይ የመጣው «የኛ ነዋ!» የሚል ነበር። እግዜር ረድቶኝ ምላሴን ያዝኩት። ለምን እንደያዝኩት ለመናገር ትንሽ ወደ ኋላ ልመለስ።

ድሬዳዋ ውስጥ ለ11ኛና ለ12ኛ ክፍል ታሪክ አስተምራለሁ። በየዓመቱ አንዴ ልጆቹን ይዤ ሐረር እወጣለሁ። ድሬ ያለ ሰው ሐረር አይሄድም፣ ይወጣል። ደንገጎ ዳገት ላይ ጆሮ ይደፈናል፣ ላብ ይደርቃል፣ ሹራብ የያዘ ይለብሳል፣ ያልያዘው ብርዱ እስኪገባው ድረስ በለበሰው ይስቃል። መንገዱ ሃምሳ ኪሎ ሜትር ምናምን ቢሆን ነው፣ ግን ሌላ አገር የገባችሁ ይመስላችኋል።

የዛሬ ሦስት ዓመት የመጀመሪያውን ጉዞ ሳዘጋጅ ራሴን በጣም አሪፍ መምህር አድርጌ ነበር የቆጠርኩት። ሃያ ጥያቄ ያለው ወረቀት አባዝቼ አደልኩ። «ጦርነቱ በስንት ዓ.ም. ተካሄደ?» «የጦሩ አዛዥ ማን ነበር?» ዓይነት ጥያቄ። ምን ሆነ መሰላችሁ? አንዷ ጎበዝ ልጅ መግለጫዎቹን እየዞረች አንብባ ሞላች፣ የቀሩት ሁሉ ከእሷ ገለበጡ፣ ከዚያ ግቢ ውስጥ ሰልፊ። ያስጎበኘን ሰው ሃምሳ ደቂቃ ሙሉ ሳይተነፍስ ስምና ዓመተ ምሕረት አወረደ። አንዱ ልጅ ግድግዳ ተደግፎ ተኛ። ቆሞ! ስንመለስ መኪና ውስጥ «እሺ፣ ምን አየህ?» ብለው «ብዙ ጎራዴ» አለኝ። ተናድጄ ነበር፣ በኋላ ሳስበው ግን ልጁ ትክክል ነው። ያሳየሁት ብዙ ጎራዴ ነው።

ከዚያ ወዲህ ወረቀቱን ጣልኩት። አሁን አንድ ቡድን አንድ ዕቃ ነው የሚይዘው። አምስት ልጅ፣ አንድ ዕቃ፣ ሃያ ደቂቃ፣ ያውም መግለጫውን ሳያነቡ። ስልክ ለመብራትና ለማጉላት ብቻ። ክፍሉ ውስጥ ያለው ሌላ ነገር ሁሉ ለጊዜው እንደሌለ ይቆጠራል። በ17 እና በ18 ዓመቱ ያለ ልጅ ተረት አይፈልግም፣ ተረቱን ከስድስተኛ ክፍል ጀምሮ ሰምቶታል። «አባቶቻችን በጀግንነት ተዋግተው…» ስትሉት ዓይኑ ይጠፋል። አንድ ዕቃ እጁ ላይ አስቀምጣችሁ ዝም ስትሉ ግን ይቁነጠነጣል፣ ዝምታውን ለመሙላት ሲል ማሰብ ይጀምራል። እኔ ዝም ማለት ለመልመድ ሁለት ዓመት ፈጅቶብኛል። መምህር ነኝ እኮ፣ ደመወዝ የሚከፈለኝ ለማውራት ነው።

እና የዚያ ቡድን ዕቃ ጠመንጃው ነበር። ሥሩ ያለው መግለጫ «ጥንታዊ ጠመንጃ» ይላል፣ አለቀ። ጥንታዊነቱንማ እኛም አየነው።

«አላውቅም። ጠመንጃውን ጠይቁት» አልኳቸው።

ዕቃዎቹን የሚጠብቁት አባባ ደግ ሰው ናቸው። ነጠላ ጨርቅ ጠረጴዛ ላይ አነጠፉ፣ ጠመንጃውን እንደ ሕፃን በሁለት እጃቸው አውርደው አስተኙት። ልጆቹ ከበቡት። ሰደፉ ተሰንጥቆ በሽቦ ታስሯል፣ ሽቦው ላይ ደግሞ የደረቀ ጠፍር ተጠምጥሞበታል። ጉንጭ የሚያርፍበት ቦታ ላይ እንጨቱ ከሌላው ይልቅ ጠቁሮ ያብረቀርቃል። ማንገቻው የለም፣ የነበረበት ቀለበት ግን አንድ ጎኑ ተበልቷል። አንዷ ተራ ወስዳ አነሳችውና «አቦ! ይሄን ተሸክመው ነው አድዋ ድረስ የሄዱት?» አለች። አራት ኪሎ ያልፋል እንግዲህ።

ከዚያ አንዱ የስልኩን መብራት በአግድሞሽ ሲያበራበት ብረቱ ላይ የተቀረጸ ጽሑፍ ብቅ አለ። ግማሹ ተፍቋል። ፊደል በፊደል፣ እየተከራከሩ፣ እያጎሉ፣ አነበቡት። ሴንት ኤቲየን። ሞዴል 1874። ፈረንሳይ የተሠራ ነው ማለት ነው። አያቱ ምድር ባቡር ይሠሩ የነበሩ ልጅ (ድሬ ላይ እንዲህ ዓይነት ልጅ አይጠፋም) የፈረንሳይኛውን አነጋገር አርሞ «ሴንቴቲየን» አላቸው።

እዚህ ጋ ነው እኔ አፌን የከፈትኩት። ጠመንጃው ፈረንሳዮች «ፉዚ ግራ» የሚሉት ነው፣ ግራ በሚባል መኮንን ስም። አሁን ቶሎ ቶሎ በሉት አልኳቸው። ፉዚግራ፣ ፉዚግራ፣ ውዚግራ… «ውጅግራ!» ብሎ ከኋላ የሚቀመጠው ልጅ ጮኸ። የሽለላውና የፉከራው ውጅግራ! አያቱ የሚሉትን ቃል ትርጉሙን ሳያውቀው ነው ያደገው። ሰናድርም እንደዚያው የእንግሊዞቹ ስናይደር ነው፣ ምንሽር ማንሊከር ነው፣ ቤልጅግም ከነስሙ ቤልጅግ። አገርኛ የመሰለን የፉከራ ቃል ሁሉ ከአውሮፓ ፋብሪካ የመጣ ነው። ልጆቹ ሳቁ። አንዷ ግን አልሳቀችም፣ «ታዲያ ማን ሸጠልን?» አለች።

ይሄን ጥያቄ ነው የምፈልገው። ሙዚየም ድረስ የምለፋውም ለእሱ ነው።

የፈረንሳይ ጦር በ1880ዎቹ በፈረንጆቹ አቆጣጠር አዲስ ጠመንጃ ሲታጠቅ አሮጌው ውጅግራ በርካሽ ወደ ቀይ ባሕር ጎረፈ። ከዚያ በግመል ወደ መሀል አገር ይገባል። ሐረር የዚህ ንግድ አንድ ትልቅ በር ነበረች። ገጣሚው አርተር ራምቦ ሳይቀር ነጋዴ ነበር፣ በ1879 ዓ.ም. ወደ 2000 የሚጠጋ አሮጌ ጠመንጃ ከታጁራ ጭኖ በስንት መከራ ሸዋ ደርሶ ለምኒልክ ሸጠ። ዋጋ ሰበሩበትና አልቅሶ ተመለሰ ይባላል። (ጁገል ውስጥ «የራምቦ ቤት» ስትሉ የፊልሙን ጡንቻማ ሰውዬ ቤት የሚመስለው ልጅ በየዓመቱ አይጠፋም። ዘንድሮም ነበረ። ሰውዬው ጠመንጃ ነጋዴ ነበር ስለው ደግሞ «ያው እኮ ነው ቲቸር» አለኝ።)

እና አስቡት፣ ያ ጠመንጃ በዚያው በ1879 ጨለንቆ ላይ ሊኖር ይችላል። አድዋ ላይ ሊኖር ይችላል። በ1928 ኦጋዴን ላይም ሊኖር ይችላል፣ ያኔ የጣሊያን አውሮፕላን ሲመጣ ብዙው ሰው የያዘው የአያቱን ጠመንጃ ነበርና። «የማን ነው?» የሚለው እንግዲህ እንደየቦታው ይለያያል። «የኛ» ልል የነበረው አፌ አድዋ ላይ ቢሠራ እንኳ ጨለንቆ ላይ ምን ይሆናል?

ጨለንቆ ቁልቢን አለፍ ብሎ ነው። ከድሬ ወደ አዲስ አበባ በመኪና የሄደ ሰው አብዛኛው አልፎበታል። እዚያ ነው የምኒልክ ጦር የሐረሩን ገዥ የአሚር አብዱላሂን ጦር አሸንፎ ሐረር የገባው፣ ራስ መኮንንም የከተማዋ ገዥ ሆነው የተሾሙት። መጽሐፉ ላይ ሁለት መስመር ነው። ክፍሌ ውስጥ ግን ሁለት መስመር አይደለም። ሐረሪ ልጅ አለ፣ ኦሮሞ አለ፣ አማራ አለ፣ ሶማሌ አለ፣ ጉራጌ አለ፣ አምስቱንም አንድ ላይ የሆነ አለ። ድሬ ነው እኮ። ቅዳሜ ዕለት አንድ ልጅ «እኛ ቤት ጨለንቆ ሲነሳ እንደ ለቅሶ ነው» አለ። ሌላው ደግሞ ጥቂት ዝም ብሎ ቆይቶ «እኛ ቤት እንደ ድል ነው የሚወራው» አለ። ማንም አልተናገረም። አባባ እንኳ ጨርቃቸውን ማጠፍ አቆሙ።

ድሮ ቢሆን «በቃ፣ ሁላችንም አንድ ነን» ብዬ ዘልዬ አልፈው ነበር። እንዲህ ስል የልጆቹን ፊት አይቼ አውቃለሁ፣ በር ሲዘጋ ነው የሚመስለው። አሁን ያደረግኩት ሁለቱን ልጆች አጠገብ ለአጠገብ አቁሜ «አንተ የሱን ቤት ወሬ ተናገር፣ አንተ ደግሞ የሱን» ማለት ነው። ማመን ግዴታ አይደለም፣ እሱ እንደነገረህ አድርገህ ብቻ ንገረን። መጀመሪያ ተኮላተፉ። የለቅሶው ልጅ ድሉን ሲናገር ድምፁ ተለወጠ፣ የድሉ ልጅ ለቅሶውን ሲናገር ደግሞ መሬት መሬቱን አየ። አልታረቁም፣ መታረቅም አልነበረባቸውም፣ አልተጣሉም እኮ። ስንወጣ ግን አንድ ሳምቡሳ ለሁለት ሲቆርሱ አይቻለሁ፣ ምናልባት ብር አጥሯቸው ይሆናል።

ፈረስ መጋላ ላይ የጨለንቆ መታሰቢያ አለ። ከጁገል ውጪ ደግሞ ራስ መኮንን ፈረስ ላይ ሆነው የሚታዩበት ሐውልት ነበረ፣ ሰኔ 2012 ላይ ወደቀ። ሁለቱም ቦታ እንቆማለን። አንዱ ጋ ያለውን፣ ሌላው ጋ የሌለውን እናያለን። የሌለ ነገርም ይታያል፣ ልጆቹ ያውቁታል፣ ሲወድቅ ዕድሜያቸው ለማስታወስ ደርሶ ነበር። ከዚህ በላይ አልናገርም። እዚያ ቦታ ላይ ረጅም ንግግር ያደረገ መምህር ማታ ስልኩ አያርፍም።

ግንቡም ራሱ ሙዚየም ነው ብል ማጋነን አይሆንብኝም። 3.5 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚዞረው ጁገል በአሚር ኑር ዘመን የተሠራው ለቱሪስት ፎቶ አይደለም፣ ጦርነት ፈርተው ነው። ልጆቹ ደገፍ ብለውበት ፋጢራ ሲበሉ ይሄን ነገርኳቸው። የሰማኝ ያለ አይመስለኝም። ፋጢራው ትኩስ ነበር።

ከሌሎቹ ቡድኖች አንዱ የደረሰው የጣሊያን ወታደር የብረት ቆብ ነው። አባቱ መካኒክ የሆነ ልጅ እዚያ ቡድን ውስጥ ነበር፣ ስለ ቆቡ ብዙም አላገኘም፣ ግን ጣሊያኖች ምን ጥለው ሄዱ ስለው በአንድ ትንፋሽ «ፍሬን፣ ማርሽ፣ ካንዴላ፣ ባሌስትራ፣ ካቻቢቴ» ብሎ ዘረዘረው። ጋራዥ ውስጥ እስከ ዛሬ ጣሊያንኛ ነው የሚነገረው። ሳቅን። ቆቡ ላይ ያለችውን ቀዳዳ ግን ማንም ሳይነግራቸው ሁሉም ጣቱን አስገብቶ አየ።

ስለዚያ ዘመን ሳወራ ሁለት ቀን ሰሌዳ ላይ እጽፋለሁ። (ሙዚየም ውስጥ ሰሌዳ የለም፣ የካርቶን ጀርባ ነው።) አንደኛው መጋቢት 20 ቀን 1928። ሁለተኛው መጋቢት 20 ቀን 1933። «አምስት ዓመት፣ ያውም ቀኑ ሳይዛነፍ። ምንድነው?» እላለሁ።

በመጀመሪያው ቀን የጣሊያን አውሮፕላኖች ሐረርን ደበደቡ። ከተማዋ ጦር የሌለባት ክፍት ከተማ ተብላ ታውጃ ነበር። የቀይ መስቀል ምልክት ያለባቸው የሕክምና ቦታዎች ሳይቀሩ ተመቱ። ይሄ ሲሆን ግራዚያኒ በኦጋዴን በኩል እየገፋ ነው። በዚያ ግንባር የኛን ጦር የመሩት የሐረር ገዥ የነበሩት ደጃዝማች ነሲቡ ዘአማኑኤል ናቸው፣ አማካሪያቸውም ወሂብ ፓሻ የሚባል የቱርክ ጄኔራል ነበር። ምሽግ ያስቆፈረው እሱ ነው። ከዚያ በፊት፣ በ1928 መግቢያ ላይ፣ ቆራሄ ላይ ግራዝማች አፈወርቅ ወልደ ሰማያት ቆስለው ከቦታቸው አልነቃነቅም ብለው በዚያው ቁስል ሞቱ። ልጆቹ እሳቸውን ይወዷቸዋል። እኔም እወዳቸዋለሁ፣ ግን እሳቸው ጋ ቶሎ አልደርስም። መጀመሪያ ጀግናውን ከነገርኳቸው ሌላውን አይሰሙኝም።

ከዚያ ነገሩ ይፈጥናል። ሚያዝያ 24 ንጉሠ ነገሥቱ በባቡር ከአዲስ አበባ ተነስተው በድሬ በኩል ወደ ጅቡቲ አለፉ። ሚያዝያ 30 ጣሊያን ሐረር ገባ። ግንቦት 1 ድሬዳዋ። እነዚህ ልጆች ለገሀሬን በየቀኑ በባጃጅ ያልፉታል። «በዚያ በር ነው?» ይላሉ። በዚያ በር ነው። አንድ ንጉሥ ጠላት በሳምንት ውስጥ የሚደርስበትን ባቡር ጣቢያ እያየ ሲያልፍ ምን ያስባል? ድርሰት ጻፉ ብዬ አዘዝኳቸው። ግማሾቹ ንጉሡን ፈሪ አደረጓቸው፣ ግማሾቹ ብልህ። አንዷ ደግሞ ስለ ባቡሩ ነጂ ጻፈች። አምስት ማርክ ጨመርኩላት።

ሁለተኛው መጋቢት 20 ደግሞ የደቡብ አፍሪካ ወታደሮች ድሬዳዋ የገቡበት ቀን ነው። ቀደም ብሎ በዚያው መጋቢት ሐረርን የያዙት ከናይጄሪያ የመጡ ወታደሮች ናቸው። ከሞቃዲሾ ተነስተው፣ ጅጅጋን፣ ማርዳን፣ ባቢሌን፣ ቢሲድሞን እያለፉ። ይሄን ስናገር ሁሌም ክፍሉ ይንጫጫል። «ናይጄሪያ?! የኳሱ ናይጄሪያ?» አዎ፣ የኳሱ ናይጄሪያ። በእንግሊዝ ጦር ሥር ሆነው፣ እነሱ ራሳቸው ቅኝ ተገዥ ሆነው፣ ሐረርን ከጣሊያን አስለቀቁ። ደቡብ አፍሪካዎቹ ደግሞ አገራቸው ጥቁርና ነጭን የሚለይ ነበር። ሐረር ውስጥ የኮመንዌልዝ ጦር መቃብር አለ። ነፃ አወጡን ወይስ ሌላ ጌታ አመጡልን? ልጆቹ እዚህ ላይ ይፋጃሉ፣ እኔ ካርቶኔን ይዤ ቁጭ እላለሁ።

አንድ የማልዘለው ነገር አለ፣ የመርዝ ጋዙ። ግራዚያኒ በኦጋዴንም ተጠቅሞበታል። ፎቶ አለኝ፣ ግን ዘንድሮ አላሳየሁም። አምና ሳሳይ አንድ ልጅ ተነስቶ ወጣ። ሽንት ቤት የሄደ መስሎኝ ነበር። በኋላ ደረጃ ላይ ተቀምጦ አገኘሁት፣ ወንድሙ ወታደር ነበር፣ ከሰሜን አልተመለሰም። እኔ ስለ ሰማንያ ምናምን ዓመት በፊት እያወራሁ ልጁ ስለ ትናንት እየሰማ ነበር። ዘንድሮ ገና ከድሬ ሳንነሳ «የከበደው ሰው ሳያስፈቅድ ይውጣ፣ አልጠይቅም» አልኩ። ማንም አልወጣም፣ ግን ሁለት ልጆች በሩ አጠገብ ነው የቆሙት። ስለ ጦርነት ለትልልቅ ልጆች የሚያስተምር ሰው ይሄን አይርሳ፣ የኛ ልጆች ጦርነትን ከመጽሐፍ ብቻ አይደለም የሚያውቁት።

ከሁሉም የሚያስፈራኝ ግን የ1969 ነው።

ሐምሌ 1969 የሶማሊያው መሪ የዚያድ ባሬ ጦር ገባ። ነሐሴ ላይ ታንክ ይዞ ድሬዳዋ ደጃፍ ደረሰ። መስከረም 1970 ጅጅጋ ተያዘች፣ ሐረር ለወራት ስትደበደብ ቆየች፣ ከዚያ ኩባዎች መጡ፣ የካቲት 26 ቀን 1970 ካራማራ ላይ ነገሩ ተገለበጠ። ይሄንን በቀን በቀን መዘርዘር እችላለሁ። ግን ክፍሌ ውስጥ የሶማሌ ልጆች አሉ፣ ኢትዮጵያውያን፣ ድሬ ተወልደው ድሬ ያደጉ፣ እና «የሶማሌ ጦር» በተባለ ቁጥር አንድ ሁለት ጓደኛ ዞር ብሎ ሲያያቸው አያለሁ። ለቀልድ ነው። «ወሪያ፣ ያንተ ታንክ ነው እንዴ?» ይሉታል። ልጁም ይስቃል። እኔ ግን ሳቁን አይቼዋለሁ።

ስለዚህ ሙዚየም ውስጥ አልነካሁትም። የቤት ሥራ ሰጠሁ። ቤታችሁ ውስጥ ከጦርነት የተረፈ ዕቃ አለ? ካለ ወሬውን ይዛችሁ ኑ፣ ዕቃውን አይደለም። ይሄን ሦስት ጊዜ ነው የደጋገምኩት፣ የኛ አካባቢ ነው፣ ያልፈነዳ ነገር ይገኛል፣ ያየ ሰው ሳይነካ ይናገር።

ማክሰኞ ዕለት አንዷ እጇን አነሳች። ቤታቸው ሶማሊኛ ነው የሚነገረው። «አያቴ መውቀጫ አላት» አለች። ክፍሉ ሳቀ። «የመድፍ ቀለህ ነው» አለች። ሳቁ ቆመ።

በስልኳ ያነሳችውን አሳየችን። የናስ ቀለህ ነው፣ ከጉልበት ትንሽ ዝቅ የሚል። ከንፈሩ በዘነዘና ተመትቶ ተመትቶ ወደ ውጭ ተገልብጧል፣ እንደ አበባ። ውጩ ጥቁር ነው፣ ውስጡ ወርቅ የመሰለ፣ ታቹ ላይ የቡና ዱቄት ተጋግሯል። ቂጡ ላይ ቁጥርና ፊደል ነበረበት፣ ተፍቆ ጠፍቷል። አያቷ ከጦርነቱ በኋላ ከከተማ ዳር ብረት ለቅመው ከሚሸጡ ሰዎች ነው የገዛችው። በዚያ ክረምት ወሬው ሁሉ «ማን ነህ?» ነበር አለች ልጅቷ፣ ከዚህም ወገን ከዚያም ወገን ይጠረጠሩ ስለነበር አያቷ ሦስት ሳምንት ከቤት ሳትወጣ ከረመች።

ከኋላ የሚቀመጠው ልጅ፣ የጠመንጃው ልጅ፣ ብድግ አለ። በአንድ ሳምንት ሁለተኛ ጥያቄው ነው፣ ታሪክ ነው እንግዲህ። «ቀለሁ የማን ነው? የኛ መድፍ ነው የነሱ?»

ክፍሉ ለሁለት ተከፈለ። ስፋቱን ለክተው ሊያውቁት ፈለጉ፣ ኢንተርኔት ላይ ሊፈልጉ፣ ቁጥሩን በከሰል አሽተው ሊያነቡት። እኔ ዝም አልኩ። (አያችሁ፣ ተምሬያለሁ።) ልጅቷን ማታ አያትሽን ጠይቂያት አሏት፣ የማን መድፍ እንደተኮሰው ከሰዎቹ ሰምታ ይሆናል፣ እግረ መንገድሽንም ለአንድ ቀን አስፈቅደሽ ክፍል ይዘሽው ነይ።

ረቡዕ መልስ መጣ። አያትየው ጥያቄውን ሁለቴ አስደግማ ሰምታ «የማን ነው ብለው ነው የሚጠይቁሽ? የኔ ነዋ! አርባ ምናምን ዓመት ቡና ወቅጬበታለሁ» ብላለች። ማበደርን በተመለከተ ደግሞ አይሆንም፣ ለአንድ ቀንም ቢሆን። ቡናዬን በምን ልወቅጥ? ማየት የፈለገ ይምጣ።

31 ልጅ አንድ ክፍል ቤት አይገባም። አስር አስር ሆነን በሦስት ቅዳሜ እንሄዳለን ብለናል። የተረፈው አንዱ ከኋላ የሚቀመጠው ልጅ ነው፣ ሦስቱንም ቅዳሜ ካልመጣሁ ብሏል። አያትየው ሁለት ኪሎ ስኳር ይዛችሁ ኑ ብላ ልካለች፣ ቡናውን እሷ ትችላለች።